የሃምሳ ሰው ሸክም በአንድ ጫንቃ

(በማኅበራችን ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)




የጉባኤው አዘጋጅ ኮሚቴ እንድናገርበት የሰጠኝ አርእስት «ወረርሽኝና የቤተሰብ የአእምሮ ጤና» የሚል ነው። አርእስቱ እጅግ ሰፊ በመሆኑ፣ ሁሉን ልንካ ብል አንዱንም ሳልጨብጥ ጊዜዬ እንዳያልቅ በመሥጋት፣ ንግግሬን በአንድ ጥያቄ ዙሪያ ለመወሰን መርጫለሁ። ጥያቄውም፣ ኮቪድ-19 በአገራችን በቈየባቸው ዓመታት ልጅ በሚያሳድጉ ሰዎች ላይ የደረሰው ጭንቀት ምንጩ ምን ነበር? የሚል ነው።

ለዚህ ጥያቄ ሁላችንም ሳንቸገር የምንሰጣቸው ሁለት መልሶች አሉ። አንደኛው የበሽታው ፍርሃት ነው፤ ሁለተኛው የገቢ መቋረጥ ነው። ሁለቱም እውነት ናቸው፤ በዚህ ንግግርም ውስጥ ቦታቸውን አልነፍጋቸውም። ነገር ግን ከሁለቱ የማያንስ ክብደት ያለው፣ እኛ የጤና ባለሙያዎች በካርዳችን ላይ የማንጽፈው ሦስተኛ ምክንያት አለ ብዬ አምናለሁ። ይኸውም የእጅ መጉደል ነው። ልጅን በማሳደግ ሥራ ላይ ይተባበሩ የነበሩ ብዙ እጆች በአንድ ጊዜ ተነሡ፤ የብዙ ሰው የነበረው ሸክም በአንድ ሰው፣ አብዛኛውንም ጊዜ በአንዲት እናት ጫንቃ ላይ ወደቀ። የዛሬው ንግግሬ ዓላማ ይህን ማስረዳትና ከዚህ የተነሣ በሙያችን ላይ የሚወድቀውን ተግባር ማመልከት ነው።

አስቀድሜ የጊዜውን ሁኔታ በአጭሩ ላስታውስ። የዓለም የጤና ድርጅት በሽታው ዓለም አቀፍ ወረርሽኝ መሆኑን ያስታወቀው መጋቢት 2 ቀን 2012 ዓ.ም. ሲሆን፣ በኢትዮጵያ የመጀመሪያው ሕመምተኛ መገኘቱ የተገለጸው ከሁለት ቀን በኋላ መጋቢት 4 ቀን ነው። መጋቢት 7 ቀን ትምህርት ቤቶች እንዲዘጉ ተወሰነ። መጋቢት 30 ቀን የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ ታወጀ፤ ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብና በእጅ መጨባበጥ ተከለከለ፤ የሕዝብ ማመላለሻዎች የሚጭኑት ሰው በግማሽ እንዲቀንስ ተደረገ። የመጀመሪያው ክትባት የተሰጠው ልክ በዓመቱ መጋቢት 4 ቀን 2013 ዓ.ም. ነበር። የዓለም የጤና ድርጅት ዓለም አቀፉን የአስቸኳይ ጊዜ ሁኔታ ያነሣው ደግሞ ሚያዝያ 27 ቀን 2015 ዓ.ም. ነው። በአገራችን በዚህ በሽታ ሞተዋል ተብለው በይፋ የተመዘገቡት ሰዎች ቍጥር ከ7,500 ይበልጣል።

በእነዚህ ውሳኔዎች ላይ ፍርድ ለመስጠት አልተነሣሁም። ክትባት ባልነበረበት በዚያ ጊዜ በእጃችን ከነበሩት ጥቂት መከላከያዎች ዋነኛው መራራቅ ነበር። ይሁን እንጂ ጥቅም ያለው መድኃኒት ሁሉ የጎን ጉዳት ሊኖረው እንደሚችል እኛ ከማንም ይልቅ እናውቃለን። አስተዋይ ሐኪም መድኃኒቱን ሲያዝዝ የሚያስከትለውን ጉዳት አስቦ ማስታገሻውን አብሮ ያዝዛል። መራራቅ የተባለው መድኃኒት ሲታዘዝ ግን፣ በልጅ አሳዳጊው ላይ ስለሚያስከትለው ጉዳት የታሰበው ጥቂት ነበር።

ወረርሽኝ ለአገራችን እንግዳ ነገር አይደለም። በ1911 ዓ.ም. «የኅዳር በሽታ» ተብሎ የሚታወቀው ኢንፍሉዌንዛ አዲስ አበባ ገብቶ በሺህ የሚቈጠሩ ሰዎችን ፈጅቷል፤ አልጋ ወራሹ ራስ ተፈሪ መኰንን ራሳቸው ታመው ተርፈዋል። ኅዳር 12 ቀን በየሰፈሩ ቈሻሻ ተሰብስቦ የሚቃጠልበት፣ «ኅዳር ሲታጠን» እየተባለ እስከ ዘመናችን የደረሰው ልማድ የዚያ ዘመን መታሰቢያ ነው ይባላል። ልብ ብለን ካየነው፣ መታሰቢያው ራሱ ሰፈር ተሰባስቦ የሚፈጽመው ሥራ ነው። የሁለቱ ወረርሽኞች ልዩነትም እዚህ ላይ ይታያል። የ1911ዱ በሽታ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ቤት የዘጋው በሞት ነበር። የ2012ቱ ግን ብዙውን ቤት ሳይዘጋ፣ ቤቱን ደግፈው ያቆሙትን ጎረቤቱን፣ ዘመዱንና ማኅበሩን ለወራት አራቀበት። ሟች የሌለበት ቤት እንደ ተጎዳ ስለማይቈጠር፣ የዚህ ዓይነቱ ጉዳት በስታቲስቲክስ ሰንጠረዥ ላይ አይገኝም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። በአገራችን ልጅ በእናቱና በአባቱ ብቻ አያድግም። አያት አለች፤ አክስት አለች፤ ታላቅ እህት አለች። እናቱ ገበያ ደርሳ እስክትመለስ «እስቲ ዐይንሽን ጣል አድርጊበት» ተብላ አደራ የምትቀበል ጎረቤት አለች። ልጁን ግማሽ ቀን የሚረከብ ትምህርት ቤት አለ፤ የቄስ ትምህርት ቤትና ቁርአን ቤትም አለ። አቅም ባለው ቤት የቤት ሠራተኛ አለች። ሲያጠፋ መንገድ ላይ የሚገሥጸው፣ ሲወድቅ የሚያነሣው የሰፈር ሽማግሌ አለ። እናቱም ብትሆን የምታርፍበት ቦታ ነበራት። ቡና ተፈልቶ ጎረቤት ሲጠራ፣ ከአቦል እስከ በረካ ባለው ጊዜ ውስጥ የባል ነገር፣ የልጅ ነገር፣ የኑሮ ነገር ይነሣል፤ አንዷ የሌላዋን ታዳምጣለች፤ «አይዞሽ፣ የኔም እንዲሁ ነው» ትላለች። ይህ የምዝገባ ካርድ የማይወጣበት፣ ወረፋ የማይጠበቅበት የአእምሮ ጤና ጣቢያ ነው ብል ያጋነንሁ አይመስለኝም።

አባቶቻችን «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ያሉት ይህን የመሰለውን የኑሮ ዘዴ አይተው ነው። የዘመኑ ጥናትም ከዚህ ተረት ብዙ አይርቅም። ሞይራ ሚኮላይቻክና ኢዛቤል ሮስካም የተባሉ የቤልጅግ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች «የወላጅነት ዝለት» የሚባለውን ሁኔታ ለብዙ ዓመታት አጥንተዋል። ዝለት ማለት ወላጅ አቅሙ ተሟጥጦ፣ ከልጆቹ በስሜት እየራቀ፣ «ቀድሞ የነበርሁት ወላጅ አይደለሁም» እስከ ማለት የሚደርስበት ነው። እነርሱና የሥራ ጓደኞቻቸው በ42 አገሮች ከ17,000 በላይ ወላጆችን ጠይቀው እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጡት ጥናት፣ ዝለቱ የበረታው እያንዳንዱ ሰው ለራሱ በሚኖርባቸው የበለጸጉ የምዕራብ አገሮች ሆኖ ተገኝቷል። መረጃው የተሰበሰበው ወረርሽኙ ከመግባቱ በፊት ነው። ከዚህ የምንረዳው የልጅ አስተዳደግ ድካም የሚለካው በልጆች ቍጥር ወይም በገቢ መጠን ብቻ አለመሆኑን ነው፤ ሸክሙን የሚካፈለው ሰው መኖር አለመኖሩም ይወስነዋል።

እንግዲህ በድህነት ላይ ያለው የእኛ አገር ወላጅ ከነበሩት ጥቂት ሀብቶች ትልቁ ይህ የእጅ ብዛት ነበር። ወረርሽኙ የወሰደበትም ይህንኑ ነው። አንድ በአንድ እንመልከት።

መጀመሪያ ትምህርት ቤት ተነሣ። ከ26 ሚሊዮን በላይ ተማሪዎች ቤት ዋሉ፤ በሮቹም በየደረጃው እንደ ገና መከፈት የጀመሩት በጥቅምት 2013 ዓ.ም. ነው። ትምህርት በሬዲዮና በቴሌቪዥን መሰጠቱ የሚመሰገን ጥረት ነበር፤ ሆኖም መሣሪያው፣ መብራቱ፣ ከሁሉም በላይ ከልጁ አጠገብ ተቀምጦ «ይህን ጻፍ» የሚለው ሰው ያስፈልግ ነበር። ፊደል ያልቈጠረች እናት ያለ ፈቃዷ አስተማሪ ተባለች። በአዲስ አበባ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ይሰጥ የነበረው ቁርስና ምሳም ከበሩ ጋራ ሲዘጋ፣ የድኻ ልጅ ከትምህርቱ በተጨማሪ ማዕዱን አጣ።

ሁለተኛ አያት ተነሣች። በሽታው በአረጋውያን ላይ የሚበረታ በመሆኑ፣ ልጅ ለአያቱ የሚያሠጋ ፍጡር ሆነ። የልጅ ልጇን አቅፋ የኖረች አሮጊት ከሩቅ ሰላምታ እንድትሰጥ ተመከረች፤ ልጁም ለምን እንደ ተገፋ አልገባውም። ለብዙ ሕፃናት የወረርሽኙ ትርጉም ይህ ነበር።

ሦስተኛ ጎረቤትና ማኅበር ተነሡ። የቡናው ስኒ ቀረ። እቁብ ሲቋረጥ ለልጅ ዩኒፎርምና ደብተር የታሰበው ገንዘብ ቀረ። የ2012 ዓ.ም. ፋሲካና ከዚያ በኋላ የዋለው ዒድ በየቤቱ ተከበሩ። ከሁሉ የከፋው ግን ለቅሶ መቅረቱ ነው። ሐዘንተኛን ቀናት ሙሉ ከቦ የማይለቅ፣ ምግቡን ይዞ መጥቶ «ቅመስ እንጂ» እያለ የሚያጐርስ ሕዝብ፣ ሟቹን በጥቂት ሰው ቀብሮ ወደየቤቱ ተበተነ። እድሮች ገንዘቡን ቢከፍሉም እንኳ ድንኳኑን መትከል አልቻሉም። ያልተለቀሰ ሐዘን በቤት ውስጥ ይቀመጣል፤ እናቱ የሞተችበት አባት በልጆቹ ላይ በቍጣ ሲገነፍል፣ ቍጣው ሐዘን መሆኑን የሚነግረው ሰው አልነበረም።

ነገሩ ግልጽ እንዲሆን አንድ ቤት በሐሳባችን እንሥራ። አንድ ክፍል የቀበሌ ቤት ነው፤ ቧንቧውና መጸዳጃው የጋራ ነው። እናት እንጀራ ጋግራ ትሸጣለች፤ አባት በሕንፃ ሥራ ላይ የቀን ሠራተኛ ነው፤ አራት ልጆች አሉ። መጋቢት ሲገባ የአባት ሥራ ቆመ፤ ደንበኞቿ የነበሩ ምግብ ቤቶች ስለ ተቀዛቀዙ የእንጀራውም ገበያ ቀነሰ። ልጆቹ ቀኑን ሙሉ በዚያች ክፍል ውስጥ ናቸው። «የታመመውን ሰው ለብቻው ክፍል አስቀምጡ» የሚለው ምክር በሬዲዮ ሲነገር እናቲቱ ያለቻትን አንድ ክፍል ታያለች። «እጃችሁን ደጋግማችሁ ታጠቡ» ሲባል ውኃ የሚመጣበትን ቀን ትቈጥራለች። ከወር በኋላ ይህች እናት ወደ ጤና ጣቢያ ብትመጣ ምን ትለናለች? «የወላጅነት ጫና በዝቶብኛል» አትልም። «ራሴን ይወጋኛል፤ ጨጓራዬ ይነድዳል፤ እንቅልፍ እምቢ ብሎኛል፤ ልቤ ድው ድው ይላል» ትላለች። እኛም የራስ ምታቱን ማስታገሻና የጨጓራውን መድኃኒት ሰጥተን እንሸኛታለን። ካርዱ ላይ የተጻፈው ጨጓራ ነው፤ የጎደለው ግን እጅ ነው።

ከዚህ በኋላ በቤቱ ውስጥ የሚሆነውን ጥናት በሚገባ ያስረዳናል። ሩበን ሂል የተባሉ የኅብረተሰብ ጥናት ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1949 ባሳተሙት መጽሐፍ፣ አንድ መከራ ቤተሰብን ይሰብር እንደ ሆነ ወይም ይታለፍ እንደ ሆነ የሚወስነው መከራው ብቻ እንዳይደለ አስተምረዋል። ቤተሰቡ በእጁ ያለው መመከቻና ለመከራው የሚሰጠው ትርጉም አብረው ይወስናሉ። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ዓመታት በአሜሪካ የአዮዋ ገበሬዎች በዕዳ ሲወድቁ፣ ራንድ ኮንገርና ባልደረቦቻቸው ቤተሰቦቻቸውን ተከታትለው የጉዳቱን ሰንሰለት አሳይተዋል። የገንዘብ ችግሩ በመጀመሪያ የወላጆችን መንፈስ ይጫናል፤ የተጫነው መንፈስ ባልና ሚስትን ያጣላል፤ ጠቡ በልጆች አያያዝ ላይ ሸካራነትን ያመጣል፤ በመጨረሻም ልጁ በጠባዩ፣ በትምህርቱና በስሜቱ ይጎዳል። ልብ አድርጉ፤ ችግሩ ወደ ልጁ ከሚደርስባቸው መንገዶች ዋነኛው በወላጁ በኩል የሚያልፈው ነው። ስለዚህ ልጅን ለመጠበቅ ወላጁን መደገፍ ይገባል።

ለዚህ ምስክር ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። በቡታጅራ አካባቢ እርጉዝ እናቶችንና ልጆቻቸውን የተከታተሉ የአገራችን ተመራማሪዎች፣ በእናት ላይ የሚታየው የመንፈስ ጭንቀት ከሕፃኑ የተቅማጥ ሕመም ጋራ ተያይዞ እንደሚገኝ አሳይተዋል። የእናት አእምሮና የሕፃን አንጀት እንዲህ የተቀራረቡ ከሆነ፣ የአእምሮ ጤናን እንደ ቅንጦት የምንቈጥርበት ምክንያት አይኖርም።

በዓለም ደረጃ ያለውም ግምት ከዚህ ጋራ ይስማማል። እ.ኤ.አ. በ2021 በወጣ ሰፊ ጥናት መሠረት፣ በወረርሽኙ የመጀመሪያ ዓመት በዓለም ላይ ከ53 ሚሊዮን በላይ ተጨማሪ የከባድ ድብርትና ከ76 ሚሊዮን በላይ ተጨማሪ የጭንቀት ሕመሞች እንደ ደረሱ ተገምቷል፤ ጭማሪው በሴቶችና በወጣቶች ላይ የበረታ ነበር። ተመራማሪዎቹ ካቀረቧቸው ምክንያቶች አንዱ፣ ትምህርት ቤት ሲዘጋ የልጅና የቤት ሥራው በአብዛኛው በሴቶች ላይ መውደቁ ነው።

ይህ የእጅ መጉደል ከአገር ውጭም ደርሷል። በቤሩትና በዓረብ አገሮች የሚሠሩ ብዙ እናቶች ልጆቻቸውን ለአያት ትተው የሄዱ ናቸው፤ የሚልኩት ገንዘብ የልጁ ቀለብና ትምህርት ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 በሊባኖስ የኢኮኖሚ ውድቀትና ወረርሽኙ ሲደራረቡ፣ አሠሪዎች ኢትዮጵያውያን የቤት ሠራተኞችን ወስደው በቆንስላው ደጃፍ ላይ የጣሉበት ጊዜ ነበር። ያች ሴት በመንገድ ዳር ስትቀመጥ፣ በአገር ቤት አንድ ልጅና አንዲት አሮጊት አያት አብረዋት ተቀምጠዋል። በአገራችንም በጥቅምት 2013 ዓ.ም. ጦርነት በተነሣ ጊዜ፣ በሰሜን ላሉ ቤተሰቦች ወረርሽኙ ከመከራዎች ሁሉ ትንሹ ሆነ። ለእነዚያ ወላጆች የምንናገረው ሁሉ ከዚህ በእጥፍ የከበደ መሆኑን ሳልጠቅስ ማለፍ አልፈልግም።

እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። የቀድሞውን ኑሮ ሳመሰግን እንከን የለሽ ነበር ማለቴ አይደለም። የብዙ ሰው እጅ ስንል፣ እጁ በአብዛኛው የሴት እጅ ነበር። የቤት ሠራተኛዋ ራሷ ብዙ ጊዜ ከገጠር የመጣች ልጅ ናት፤ በወረርሽኙ ጊዜ አንዳንዷ ያለ ደመወዝ ተሰናበተች፤ አንዳንዷም ወደ ዘመዶቿ እንዳትሄድ ተከልክላ ያለ ዕረፍት ሠራች። የጎረቤት ዐይን ልጅን እንደሚጠብቅ ሁሉ ሐሜትንም ያመጣል። በተዘጋ ደጅ ውስጥ ግን የሚደበደብን ልጅ ወይም ሚስት ጩኸት ሰምቶ የሚገባ ጎረቤት ሲጠፋ፣ የዚያ ዐይን ዋጋ ምን ያህል እንደ ነበር ታውቋል።

እንግዲህ ከዚህ ሁሉ ለሙያችን ምን ይከተላል? አራት ነገሮችን ላቅርብ።

አንደኛ፣ በካርዳችን ላይ አንዲት ጥያቄ እንጨምር። ልጅ ያላት እናት ወይም ልጅ ያለው አባት በራስ ምታት፣ በእንቅልፍ ማጣት፣ በጨጓራ ሲመጡ፣ ከምርመራው ጋራ «ልጆቹን ማን ያግዝዎታል?» ብለን እንጠይቅ። ጥያቄዋ ገንዘብ አትጠይቅም፤ ከአንድ ደቂቃ በላይ አትወስድም። መልሱ «ማንም» የሆነ እንደ ሆነ ግን ትልቅ ምልክት ነው። ከዚያም ጭንቀቱ ከተራ ድካም አልፎ ሕመም የሆነበትን ድንበር እንለይ። የመንፈስ መጨለም ወይም ለነገር ሁሉ ፍላጎት ማጣት ከሁለት ሳምንት በላይ ከቈየ፣ እንቅልፍና ምግብ ከተዛቡ፣ የዘወትር ሥራን መሥራት ካቃተ፣ በተለይም «ብሞት ይሻላል» የሚል ሐሳብ ከታየ፣ «አይዞሽ» ብሎ መሸኘት አይበቃም፤ ሕክምና ያስፈልጋል። በዚህ ረገድ ሐኪሞችን፣ ነርሶችንና የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችን ማሠልጠን ይገባናል፤ ቤት ለቤት የምትዞረው የኤክስቴንሽን ሠራተኛ ከእኛ ሁሉ ቀድማ የእናትን ፊት ታያለችና።

ሁለተኛ፣ መራራቅ በሚታዘዝበት ጊዜ ምትኩ አብሮ ይታዘዝ። የብሪታንያ መንግሥት እ.ኤ.አ. በጁን 2020 ለብቻቸው ልጅ የሚያሳድጉ ወላጆችና ለብቻቸው የሚኖሩ ሰዎች ከሌላ አንድ ቤት ጋራ ተጣምረው እንደ አንድ ቤተሰብ እንዲገናኙ ፈቅዶ ነበር። ሐሳቡ ለእኛ እንግዳ አይደለም፤ እንዲያውም መሣሪያው በእጃችን አለ። እድር የአባላቱን ዝርዝር፣ የየቤቱን ሰው ብዛት፣ ሕመምተኛውንና አረጋዊውን ያውቃል። እድር ሰው ሲሞት ብቻ ሳይሆን ሰው በሕይወት ሳለ ሁለት ሁለት ቤት አጣምሮ እንዲረዳዳ፣ በየሳምንቱም በስልክ «እንዴት ናችሁ?» የሚል ሰው እንዲመድብ ከአሁኑ ብንመክር፣ ለሚቀጥለው ወረርሽኝ ትልቅ ዝግጅት ይሆናል። በ2012 ዓ.ም. «ማዕድ ማጋራት» በሚል ስም የታየው በጎ ፈቃድ ሕዝቡ ለዚህ የማይሰንፍ መሆኑን ያረጋግጣል።

ሦስተኛ፣ ለወላጆች የምንሰጠው ምክር ተጨማሪ ሸክም እንዳይሆን እንጠንቀቅ። በዚያን ጊዜ ወላጅ አስተማሪም፣ ነርስም፣ አጫዋችም እንዲሆን ብዙ ምክር ዘነበለት። የደከመ ሰው የሚፈልገው ጥቂትና የሚቻል ነገር ነው። ለልጆች የቀኑን ሥርዓት መጠበቅ፤ የመኝታና የምግብ ሰዓት ማጽናት፤ ስለ በሽታው በዕድሜያቸው መጠን እውነቱን መንገር፤ ምክንያቱም ልጅ የተደበቀበትን ነገር ከእውነቱ አብልጦ ያስፈራዋል። የተወው ሽንት መሽናት ቢመለስበት፣ እናቱን አልለቅ ቢል፣ ትልቁም ቢነጫነጭ፣ ይህ ባለጌነት ሳይሆን የፍርሃት ቋንቋ መሆኑን ማስረዳት። ቍጣ ሲመጣ ከመምታት በፊት ከክፍሉ ወጥቶ መመለስ። አባትም በቤት ውስጥ ያለ ግን ያልተቈጠረ እጅ መሆኑን ደጋግሞ መንገር ያስፈልጋል። ልጅ ማጠብና ማብላት ወንድነትን እንደማይቀንስ በዚያ ዘመን ቤት የዋሉ አንዳንድ አባቶች በተግባር አይተውታል፤ ያዩትን እንዳይረሱት እናበረታታቸው።

አራተኛ፣ ራሳችንን እንመልከት። ከዚህ አዳራሽ ውስጥ ብዙዎቻችን ወላጆች ነን። በኮተቤና በሚሌኒየም አዳራሽ የሕክምና ማዕከሎች፣ በየጤና ጣቢያውም የሠሩ ባልደረቦቻችን ቀን ሕመምተኛ ሲያስታምሙ ውለው፣ ማታ ሮጦ ሊያቅፋቸው የመጣውን ልጅ «አትንካኝ» ለማለት ተገድደዋል። ሳምንታት ከልጆቻቸው ተለይተው ያደሩም አሉ። ጀግኖች ተብለው ተጨብጭቦላቸዋል፤ ልጃቸውን ማን እንደ ያዘላቸው ግን ጠያቂ አልነበራቸውም። ማኅበራችን ለአባላቱ የልጆች ማቈያ፣ የዕረፍት ተራና በምስጢር የሚያዳምጥ ባልደረባ እንዲኖር የሚያስችል አንድ ቋሚ ዕቅድ እንዲያወጣ ይህን ጉባኤ እለምናለሁ። የራሱን ሰው ያልጠየቀ ማኅበር ሌላውን «ማን ያግዝዎታል?» ብሎ ለመጠየቅ ድፍረት አይኖረውም።

ክቡራንና ክቡራት፤

ወረርሽኝ ተመልሶ እንደሚመጣ ታሪክ ያስተምረናል፤ ስሙንና ቀኑን ብቻ አናውቅም። ለዚያ ቀን አልጋ እንቈጥራለን፤ ኦክስጅን እንቈጥራለን፤ ጭንብልና ጓንት እንቈጥራለን። መቈጠራቸው ተገቢ ነው። በየቤቱ ልጅን የሚይዘውን እጅ ግን የሚቈጥር እስካሁን የለም። ሃምሳው ሎሚ በአንድ ሰው ጫንቃ ላይ ወድቆ ያ ሰው ሲንገዳገድ፣ የጉልበቱን ድካም ከመመርመራችን በፊት አርባ ዘጠኙ ሰዎች የት እንደ ሄዱ እንጠይቅ። የሄዱት በእኛ ትእዛዝ ከሆነ፣ የሚመለሱበትን መንገድ መፈለግም የእኛው የሙያ ግዴታ ነው።